ስለ ሙዚቃ ትምህርትና ስለ አባት ፈቃድ

ምክር መስጠት ከሥራ ሁሉ የቀለለ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሰጪው ሳይሆን ተቀባዩ ነውና። ገንዘብ ያበደረ ሰው ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ እንቅልፍ ያጣል፤ ምክር የሰጠ ሰው ግን በሰጠበት ማታ ደኅና አድርጎ ይተኛል። እኔም በሆሳዕናና በዱራሜ ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት ለብዙ ልጆችና ለብዙ አባቶች ምክር ሰጥቼ ደኅና ተኝቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን እንቅልፍ ስለ ነሣኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ልጅ «በዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ልማር» ብሎ አባቱን ቢለምን አባት ሊከለክለው ይገባዋልን?

ባለፈው ክረምት አንድ የማውቃቸው አባት ማታ ከቤቴ መጡ። እኒህ ሰው ከሆሳዕና ወጣ ብሎ የእንሰት ጓሮና ጥቂት የስንዴ ማሳ አላቸው፤ በገበያ ቀንም እህል ይነግዳሉ። ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳይታገሡ ነገራቸውን ጀመሩ።

«መምህር፥ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አለፈ። ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ አለዎ እያለ መጣ። እሱ ግን ሐኪም ልሁን አይል፥ መሐንዲስ ልሁን አይል፤ አዲስ አበባ ሄጄ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልፈተን ይለኛል። ይህን ሁሉ ሰው አልፎ የመጣ ልጅ መጨረሻው ኪቦርድ መነካካት ነውን? እርስዎን ይሰማልና ይምከሩልኝ» አሉኝ።

የእኒህን አባት ድንጋጤ ለመረዳት ፈተናው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ልጆች ውስጥ ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ያህሉ። ከመቶ ልጆች ዘጠና ሰባቱ በቀሩበት መንገድ ልጁ ተሻግሮ ሲመጣለት አባት ልጁን እንደ ወርቅ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ወርቁንም ከፍ ባለ ዋጋ ሊሸጠው ቢመኝ የአባት ልማድ ነው።

ሰውየው ሦስት ምክንያት አቀረቡልኝ። አንደኛ፥ «መዝሙር በረከት ነው፤ ዘፈን ግን ለቤተ ሰባችን አይሆንም፤ ትምህርት ቤቱ ልጄን ከመዝሙር ወደ ዘፈን ያሻግርብኛል» አሉ። ሁለተኛ፥ «ሙዚቃ ስጦታ ነው፤ ልጄ ማንም ሳያስተምረው በቤተ ክርስቲያን ይጫወታል፤ የሚያውቀውን ነገር ለመማር ዓመታት ይፈጃልን?» አሉ። ሦስተኛ፥ «እንጀራ አይሆንም» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ ታላቅ ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ እንዳለ፥ ዘመዶቻቸውም «ለሙዚቃ ከምታባክነው በዚያው ገንዘብ ታናሹንም ወደ ወንድሙ ላከው» እያሉ እንደሚወተውቷቸው ነገሩኝ።

አፌን ከፍቼ «እውነትዎን ነው» ልል ስል አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ትዝ አለኝና ዝም አልሁ። ያን ዝምታ ለማስረዳት የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ልጅ ከክፍል በኋላ ቀርቦ «ጋሼ፥ ሙዚቃ ብማር ምን ይመስልዎታል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም እየሳቅሁ «በትርፍ ጊዜህ ተጫወት፤ በዋናው ጊዜህ ሥራ ተማር» አልሁት። የሰጠሁት መልስ ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። ልጁም አመስግኖኝ ሄደ። በተመደበበት ትምህርት ሁለት ዓመት ቆይቶ አቋረጠና እንደ ብዙ የአገራችን ልጆች ወደ ደቡብ ተሰደደ። እግዚአብሔር ረድቶት በደኅና ደረሰ። ዛሬ ሱቅ አለው፤ ለእናቱም ባለ ቆርቆሮ ቤት ሠራላት። እናቱ ባየችኝ ቁጥር ልጇን በደኅና እንደ መከርሁት እየቆጠረች ትመርቀኛለች።

እንግዲህ ውድ አንባቢ «ታዲያ ምኑ ጥፋት ሆነ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥፋቱ በውጤቱ አይደለም። ልጁ ሲጫወት አንድ ቀን እንኳ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሳልሰማው ፈረድሁበት። ዳኛ ባለጉዳዩን ሳይሰማ ቢፈርድና ፍርዱ በአጋጣሚ ለባለጉዳዩ ቢመቸው ያ ዳኛ ደግ ዳኛ ይባላልን? አይባልም። ምክርም እንደ ፍርድ ነው፤ ደግነቱ የሚለካው ከተሰጠ በኋላ በሚመጣው ዕድል ሳይሆን፥ በተሰጠበት ሰዓት ሰጪው ባደረገው ምርመራ ነው። ስለዚህ ያንን ጥፋት ላለመድገም የሰውየውን ሦስት ምክንያቶች አንድ በአንድ መመርመር ጀመርሁ።

የመጀመሪያው የክብር ጥያቄ ነው። አገራችን በዚህ ነገር ሁለት ልብ አላት። በአንድ በኩል አዝማሪን ስትንቅ ኖራለች፤ በሌላ በኩል በስድስተኛው ምዕተ ዓመት በአክሱም የነበረውን ቅዱስ ያሬድን ከቅዱሳኗ ጋር ቆጥራዋለች። ድጓን በጋይንት ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕትን በዙር አምባ ለመማር ተማሪ ኮቾሮውን ይዞ ስንት ዓመት እንደሚንከራተት የማያውቅ የለም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የሙዚቃ ጓድ ሲያቋቁሙ፥ ሙዚቃን የመንግሥት ሥራ አድርገው መቍጠራቸው ነበር።

በእኛ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ደግሞ ሁለት ልብነቱ ሌላ መልክ አለው። በሆሳዕና፥ በሾኔ፥ በዱራሜ፥ በአንጋጫ እሑድ ጠዋት የቃለ ሕይወትንና የመካነ ኢየሱስን አብያተ ክርስቲያናት ለተመለከተ ሰው መዝሙር የሕዝቡ እስትንፋስ መሆኑ ይታየዋል። ከተማችን ሆሳዕና ራሷ ስሟ ሕዝብ ዘንባባ ይዞ የጮኸው የምስጋና ቃል አይደለምን? ታዲያ እሑድ ኪቦርድ የሚጫወተውን ልጅ ግንባሩን እንስመዋለን፤ ሰኞ «ይህንኑ ጠንቅቄ ልማር» ሲለን ግን እንገሥጸዋለን። ፍሬውን ወድዶ ተክሉን መጥላት ማለት ይህ ነው።

መዝሙርና ዘፈንን የሚለየው ሰው ምክንያት የለውም አልልም። ሆኖም ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የድምፅን ጠባይ ነው፤ ዜማ እንዴት እንደሚዋቀር፥ ድምፅ ከድምፅ እንዴት እንደሚስማማ፥ የተሰማው እንዴት በምልክት እንደሚጻፍ ነው። ብረት መቀጥቀጥ የተማረ ሰው ማረሻም ጦርም ሊሠራ ይችላል፤ ስለ ጦሩ ብለን ማረሻ እንዳይሠራ አንከለክለውም። የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ራሱ በአዲስ አበባ ሙዚቃን ማስተማሩ ይህንኑ ያስረዳል። ልጁ የተማረውን ለምን እንደሚያውለው የሚወስነው ከቤት ይዞት የሄደው ጠባይ ነው፤ ለዚህም ከመምህሩ ይልቅ አባቱ ይጠየቅበታል።

ሁለተኛው «ስጦታ ትምህርት አያሻውም» የሚለው ነው። ለዚህ ነገር መልስ የሚሆነን የያሬድ ታሪክ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ አጎቱ ጌዴዎን ስለ ቀጡት ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦም አንድ ትል ወደ ዛፉ ሲወጣ፥ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲደርስ አየና ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ዜማው ከሰማይ ወረደለት እያልን የምናከብረው ሰው እንኳ ታሪኩ የሚጀምረው ወድቆ ከመነሣት ነው። ግዕዝ፥ ዕዝል፥ አራራይ ተብለው የተለዩትም ዜማዎች ተማሪው ዓመታት ካልደከመባቸው በቀር በስጦታ ብቻ አይያዙም።

በጆሮው ብቻ የሚጫወት ልጅ ያወቀውን ያውቃል እንጂ እንዴት እንዳወቀው አያውቅም፤ ስለዚህ ለሌላው ሊያስተላልፈው አይችልም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ፥ በአሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ያደረጉት ይህንኑ ማስተላለፍ ነው። ትምህርት ቤቱም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በዲግሪ ያስመርቃል፤ ፒያኖና ቫዮሊን ብቻ ሳይሆን ክራር፥ መሰንቆና ዋሽንትም ይማሩበታል።

ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። በሐዲያ በያሆዴ በዓል፥ በከምባታ በመሳላ፥ እንዲሁም በደቦ፥ በሠርግና በልቅሶ የሚዜመውን ዜማ ጠንቅቀው የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። አንዲት አሮጊት ባረፉ ቁጥር ከእርሳቸው ጋር ስንት ዜማ አብሮ ይቀበራል! ያንን ዜማ ሰምቶ በትክክል የሚጽፈው ማን ነው? ከውጭ የመጣ ምሁር ምልክቱን ያውቃል፤ ሐዲይኛውንና ከምባትኛውን ግን አያውቅም። የአገሩ ሰው ቋንቋውን ያውቃል፤ ምልክቱን ግን አልተማረም። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ልጅ ያስፈልገናል። እንዲህ ያለ ልጅ የሚገኘው ደግሞ አንድ አባት በፈቀደ ጊዜ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የእንጀራ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። የሙዚቃ ዲግሪ እንጀራ አያረጋግጥም። ብዙ ሰዎች ለወጣቶች ተስፋ መስጠት ሲፈልጉ የሙላቱ አስታጥቄን ስም ይጠራሉ። እውነት ነው፤ ጅማ የተወለደው ሙላቱ ምሕንድስና እንዲያጠና ወደ ብሪታንያ ቢላክ ወደ ሙዚቃ ዞሮ፥ በለንደን በትሪኒቲ፥ በቦስተን በበርክሊ ተምሮ ስሙ በዓለም ተሰማ። ነገር ግን የአንድ ሰው ስም የብዙዎችን ድካም ይሸፍናል። ልጁን «ሙላቱን ትሆናለህ» ብሎ የሚልክ አባት፥ «አትረባም» ብሎ ከሚከለክለው አባት ያላነሰ ይሳሳታል፤ ሁለቱም ስለማያውቁት ነገር ተናግረዋልና።

የሆነ ሆኖ «እንጀራ አይሆንም» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ሌላው መንገድ እንጀራን የሚያረጋግጥ ቢሆን ነበር። በከተሞቻችን የምሕንድስናና የሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ ልጆች በየቡና ቤቱ ተቀምጠው እናያቸዋለን። የደቡቡ መንገድ ደግሞ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው አገር በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ልጁን በዚያ መንገድ ለመስደድ መሬቱን የሚሸጥ አባት፥ ለሙዚቃ ትምህርት ሲሆን «አደጋ አለው» ብሎ የሚፈራ ከሆነ ሚዛኑ የት አለ? በሌላ በኩል፥ አሁን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት ስለሚሰጥ፥ ሙዚቃ የተማረ መምህር ሊያገለግልበት የሚችል ክፍል አለ። ደመወዙ የመምህር ደመወዝ ነው፤ እኔም በእርሱ ኖሬአለሁ።

እናቶቻችን እንሰትን እንዴት እንደሚያሳድጉ እናስታውስ። ችግኙን ከቦታ ወደ ቦታ እያዛወሩ ይተክሉታል፤ አራት፥ አምስት፥ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ዓመት ይታገሡታል። በሁለተኛው ዓመት «እስካሁን ቆጮ አልሆነም» ብላ የምትቆርጠው ሴት ብትኖር እንስቅባት ነበር። ልጅን ግን ገና ሳይተከል «ምን ያህል ቆጮ ይወጣሃል?» ብለን እንጠይቀዋለን።

መከልከልስ ዋጋ የለውምን? እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም. ተወልደው በስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ጀመሩ፤ ኋላም በካይሮ ተማሩ። በለንደን ሙዚቃ የመማር ዕድል ባገኙ ጊዜ ግን መንገዱ ተዘጋባቸው። ከዚያ በኋላ መብልም መጠጥም ትተው ታመሙ፤ ሲነሡም ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኰሱ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ወደ ፒያኖ ተመልሰው ያስቀረጹት ሸክላ ገቢው ለወላጅ አልባ ልጆች እንዲውል ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ። አንዳንድ ሰው «ቢከለከሉም ትልቅ ሆኑ» ይላል። እንዲህ ያለው አነጋገር ከላይ ያየነው የእኔው ስሕተት ነው፤ በእርሳቸው ጽናት የመጣውን ፍሬ ለከልካዩ ቆጥሮ መስጠት ነው።

ይህን ሁሉ ስናይ የአባት መብት እስከ ምን ድረስ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ አባት ልጁን የመመርመር መብት አለው፤ ግዴታም አለበት። ልጁ የሚወደው ሙዚቃን ነው ወይስ ሰው ሲያየው መታየትን? ይህን ለማወቅ ሲጨበጨብለት ሳይሆን ማንም ሳይሰማው፥ አንዱን ነገር ሃያ ጊዜ ሲደጋግም መትጋቱን ማየት ነው። አባት ገንዘቡ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ የቤቱ ችግር ምን እንደ ሆነ ለልጁ በግልጽ ሊነግረው ይገባል። ሳይመረምር መከልከል ግን መብቱ አይደለም፤ ስጦታውን ለልጁ የሰጠው እሱ አይደለምና።

ልጅም ግዴታ አለበት። «ስጦታ አለኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ለፈተና መቅረብ አለበት። ትምህርት ቤቱ አመልካቾችን ጆሯቸውንና ምት አያያዛቸውን የሚመረምረው ስለዚህ ነው። በመንደሩ የሚያውቁት ሁሉ ያሞግሱታል፤ የማያውቀው ጆሮ ግን እውነቱን ይነግረዋል። እርግጥ በቤቱ ፒያኖ አይቶ የማያውቅ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ኪቦርድ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚያገኝ የዶዮገና ልጅ፥ ከትልቅ ከተማ ልጅ ጋር ሲፈተን ሚዛኑ እኩል አይደለም። ስለዚህ ቢወድቅ ማፈር የለበትም፤ ደግሞ ተዘጋጅቶ ይቅረብ። ደጋግሞ ሞክሮ ካልሆነለት ግን ፍርዱን ተቀብሎ ወደ ሌላ ሥራ መመለስም ጀግንነት ነው። በመጨረሻም ቢሳካለት የበላው የማን እንጀራ እንደ ሆነ ሊረሳ አይገባውም። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለመመለስ ለሚፈልግ ሰው ሩቅ አይደለም።

ያን ማታ ለአባትየው ይህን ሁሉ አልነገርኋቸውም። «ልጅዎ ሲጫወት ሰምተውታልን?» ብቻ አልኋቸው።

«እሑድ እሑድ እሰማለሁ» አሉ።

«እሑድ ሕዝቡ አብሮ ስለሚዘምር እሱን ለይተው አይሰሙትም። በሥራ ቀን፥ ብቻውን ሲለማመድ ሄደው ይስሙት፤ ከዚያ በኋላ ቢከለክሉትም ቢፈቅዱለትም የእርስዎ ፍርድ ይሆናል» አልኋቸው።

ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። ሐሙስ ማታ ሄደው ከኋላ ወንበር ላይ፥ ልጁ ሳያያቸው፥ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። «አንዷን ቦታ እየተሳሳተ እየመለሰ፥ እየተሳሳተ እየመለሰ አሰለቸኝ» አሉኝ። «እኔ ልነሣ ስል እሱ ገና እየጀመረ ነበር። እኔ እርሻዬን እንዲህ አድርጌ አርሼው አላውቅም።» ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው «የአውቶቡሱንና የአዳሩን ገንዘብ ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የፈታኞቹ ነገር ነው» አሉ።

ይህን ስጽፍ ልጁ ፈተናውን ገና አልተፈተነም። ሊያልፍም ሊወድቅም ይችላል። ቢወድቅ ዘመዶቻቸው «አላልንህም?» ይሏቸዋል፤ ቢያልፍ ደግሞ «እኛ መክረነው ነው» ይላሉ። እኔ ግን አባትየው ደግ ሥራ መሥራታቸውን ለማወቅ ውጤቱን አልጠብቅም። ልጃቸውን ሰምተው ፈርደዋል። ያንን ሌላውን ተማሪዬን ግን እኔ ሳልሰማው ቀረሁ፤ የእናቱም ምርቃት ይህን አይፍቅልኝም። ስለዚህ አንተም አንባቢ ሆይ፥ ልጅህ ወይም ተማሪህ ወደ አንተ መጥቶ «ይህን ልማር» ያለህ እንደ ሆነ፥ እሺም እንቢም ከማለትህ በፊት ሲሠራ ሄደህ እየው።